ኤሊኖር ሩዝቬልት፦ ለሰው ልጅ መብት የደከሙት እመቤትና ዘግይቶ የተሰማው ፈቃዳቸው

እ.አ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1962 ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በዋሽንግተን አንድ የመድኃኒት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱ በወጉ በተካሄደ ሙከራ እንዲረጋገጥ ያዝዝ ነበር። መድኃኒቱ የሚሞከርበት ሕመምተኛም በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ተነግሮት ፈቃዱ እንዲጠየቅ ይደነግጋል።

በማግስቱ ኤሊኖር ሩዝቬልት በኒው ዮርክ ከተማ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳሉ 78ኛ ዓመታቸውን ያዙ። ትኩሳታቸው አልበርድ ብሏል። መቅኒያቸው በቂ ደም ማምረት ካቆመ ቆይቷል። ሐኪሞቻቸው አንዱን መድኃኒት ከሌላው እያፈራረቁ ይሞክራሉ፤ እርሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ወደ ቤታቸው መመለስ።

የኬኔዲን ሕግና የኤሊኖርን አልጋ ያገናኛቸው የቀን መቀራረብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር። አንድ መድኃኒት እንደሚጠቅም በምን ይታወቃል? ሕመምተኛውስ እሺ ወይም እምቢ ሲል ቃሉ ምን ያህል ይከበራል?

የወላጅ አልባዋ ልጅ መንገድ

ኤሊኖር የተወለዱት እ.አ.አ. በ1884 በኒው ዮርክ፣ ከባለጸጋና ከባለ ስም ቤተሰብ ነው። የአባታቸው ታላቅ ወንድም ቴዎዶር ሩዝቬልት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ሀብቱ ግን ለልጅቷ ደስታን አላመጣም። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው በዲፍቴሪያ ሞቱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አባታቸው ተከተሉ። ያሳደጓቸው ቁጡዋ ሴት አያታቸው ናቸው።

በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ ተልከው በለንደን አቅራቢያ በሚገኝ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ቆዩ። ዓይን አፋሯ ልጅ በራሷ ማሰብንና ያሰበችውን መናገርን የተማረችው እዚያ ነበር። እ.አ.አ. በ1905 የሩቅ ዘመዳቸውን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን አገቡ፤ ስድስት ልጆች ወልደው አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ።

እ.አ.አ. በ1919 መጀመሪያ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አውሮፓ በተጓዙበት ጊዜ በሳንባ ሽፋን ብግነት ታመሙ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይያያዝ ነበር። አገገሙ፣ ጉዳዩም ተረሳ። ከ43 ዓመታት በኋላ ግን የሐኪሞች መነጋገሪያ ሆኖ ይመለሳል።

ፍራንክሊን በፖሊዮ ተይዘው እግሮቻቸው ሲሽመደመዱ ባለቤታቸው በየመድረኩ ወኪላቸው ሆኑ። ፍራንክሊን ፕሬዝዳንት ከሆኑበት ከ1933 ጀምሮ ደግሞ ኤሊኖር የቀዳማዊት እመቤትነትን ትርጉም ለወጡት። የማዕድን ቆፋሪዎችን መንደር ጎበኙ፤ የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ደግፈው ተናገሩ። በሳምንት ስድስት ቀን የሚወጣ የጋዜጣ ዓምድ ይጽፉ ነበር፤ ዓምዱ ከ1935 አንስቶ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንታት እስኪቀሯቸው ድረስ ዘልቋል።

እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 ፍራንክሊን ሩዝቬልት በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመ የጦር መርከብ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ነበር። ከዚያ ሁለት ወር በኋላ አረፉ። መበለቲቱ የሕዝብ ሕይወታቸው ያከተመ መስሏቸው ነበር፤ ሆኖም ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ተተኪው ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን አዲስ በተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአሜሪካ ልዑክ አባል አድርገው ሾሟቸው።

በአውሮፕላን ላይ የተገኘው ሐኪም

የድርጅቱ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኤሊኖርን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ። እ.አ.አ. በ1947 መገባደጃ ለኮሚሽኑ ስብሰባ ወደ ጄኔቫ ሲበሩ በዚያው አውሮፕላን ዴቪድ ጉሬዊች የተባለ ሐኪም ተሳፍሮ ነበር። ጉሬዊች ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሲሆን ለሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ መጓዙ ነበር። አውሮፕላኑ አየርላንድ ላይ ለቀናት ሲቆም ኤሊኖር ሕመምተኛውን ሐኪም አስታመሙት።

ወዳጅነታቸው የተጀመረው እዚያ ነው። ጉሬዊች ከበሽታው ድኖ የኤሊኖር የግል ሐኪም ሆነ። በኋላም እርሱና ባለቤቱ ከኤሊኖር ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተው ኖረዋል። ሐኪምነቱና ወዳጅነቱ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው በደህናው ዘመን በረከት ነበር፤ በመጨረሻው ሕመም ግን ከባድ ሸክም ሆነ።

ኮሚሽኑ ሥራውን የጀመረው ጀርመን ውስጥ በእስረኞች ላይ አሰቃቂ የሕክምና ሙከራ ያካሄዱ የናዚ ሐኪሞች ኑረምበርግ ላይ በተፈረደባቸው ሰሞን ነበር። ያ ፍርድ ቤት እ.አ.አ. በ1947 በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር መመሪያ ሲያስቀምጥ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስምምነት የግድ መሆኑን ይናገራል።

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ እ.አ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ ጸደቀ። 48 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመ አልነበረም፤ ስምንቱ ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። በዚያን ጊዜ የድርጅቱ አባል የነበሩት የአፍሪካ አገሮች አራት ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ላይቤሪያ ደገፉ፤ ደቡብ አፍሪካ ታቀበች።

ኮሚሽኑ ሥራውን ቀጥሎ አስገዳጅነት ያላቸውን ቃል ኪዳኖች ማርቀቅ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በሰባተኛ አንቀጹ፣ ማንም ሰው ያለ ነፃ ፈቃዱ የሕክምና ወይም የሳይንስ ሙከራ እንዳይደረግበት ይከለክላል። ቃል ኪዳኑ የጸደቀው እ.አ.አ. በ1966 ነው፤ ኤሊኖር ያንን ቀን አላዩም። ኢትዮጵያ በ1993 ተቀብላዋለች።

የደም ፋብሪካው ሲዘጋ

እ.አ.አ. በኤፕሪል 1960 የ75 ዓመቷ ኤሊኖር ድካም በዛባቸው። የደም ምርመራው ማነስ አሳየ፤ ከመቅኒያቸው የተወሰደው ናሙና ደግሞ ምክንያቱን ጠቆመ። ሐኪሞቹ አፕላስቲክ አኒሚያ አሉት።

መቅኒ በአጥንት ውስጥ ያለ ለስላሳ ክፍል ሲሆን የሰውነት የደም ፋብሪካ ነው። ኦክስጅን የሚያመላልሱት ቀይ ሕዋሳት፣ ተሐዋስያንን የሚዋጉት ነጭ ሕዋሳትና ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች የሚወለዱት እዚያ ነው። በአፕላስቲክ አኒሚያ መቅኒው ባዶ እየሆነ ቦታውን ስብ ይወርሰዋል። ሕመምተኛው ጥቂት ተራምዶ ይደክማል፤ በትንሽ ጭረት ብዙ ይደማል፤ ሌላውን ሰው ቀናት ብቻ የሚያስተኛ ኢንፌክሽን እርሱን ሊገድለው ይችላል።

በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ እ.አ.አ. በ1888 ነበር። ከዚያ ወዲህ 72 ዓመታት ቢያልፉም ኤሊኖር በታመሙበት ዘመን አስተማማኝ ሕክምና አልተገኘለትም። ደም መስጠት ዕድሜን ያራዝማል እንጂ መቅኒውን አያድንም። የመቅኒ ንቅለ ተከላ ገና በጅምር ላይ ነበር። ሆርሞኖችና ስቴሮይዶች ይሰጡ ነበር፤ ይጠቅማሉ የሚል ተስፋ እንጂ በንጽጽር የተደረሰበት ማስረጃ አልነበረም።

ኤሊኖር ሕመሙን ሥራ መፍቻ አላደረጉትም። ዓምዳቸውን መጻፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማርና በየአገሩ መጓዝ ቀጠሉ። እ.አ.አ. በ1961 ኬኔዲ የሴቶችን ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁሙ ሊቀመንበር አደረጓቸው። የሰላም ጓድ አማካሪ ምክር ቤት አባልም ነበሩ። የጓዱ የመጀመሪያ መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት በሴፕቴምበር 1962 ነው፤ በዚያው ወር ኤሊኖር ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ገቡ።

የተቀሰቀሰው አሮጌ ጠላት

እ.አ.አ. በ1962 ጸደይ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ዓይነቶች ክፉኛ አነሱ። ሐኪሞቹ ፕሬድኒሶን የተባለውን ስቴሮይድ ጀመሩላቸው፤ መቅኒውን ያነቃቃ ይሆናል በሚል ግምት። ስቴሮይድ ግን ሁለት ስለት አለው። የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክም፣ በውስጥ ተኝቶ የቆየ ተሐዋሲ ካለ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

በበጋው ትኩሳት ጀመራቸው፤ ሳልም ተከተለ። ወደ ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ። ደም ተሰጣቸው። ሐኪሞቹ የሳንባ ነቀርሳን ጠረጠሩ፤ የደረት ራጅ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ከመቅኒያቸው ናሙና ተወስዶ ተሐዋሲው ያድግ እንደሆነ ለመጠበቅ ላቦራቶሪ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን መልሱ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነበር። እስከዚያው አይሶናያዚድና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት የቲቢ መድኃኒቶች በጥርጣሬ ተጀመሩ።

ኤሊኖር ግን በቃኝ ብለዋል። ሕይወታቸው ያለ ተስፋ በመሣሪያና በመርፌ እንዲራዘም እንደማይፈልጉ ለወዳጃቸው ሐኪም ቀደም ብለው ነግረውት ነበር። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሲሆኑም ያንኑ ደገሙ። ክኒን ሲቀርብላቸው አንዳንዴ ከንፈራቸውን ይገጥሙ፣ አንዳንዴም ይተፉት ነበር። ምርመራው ግን ቀጠለ፤ ደም መቅዳቱም፣ መርፌውም።

በዚህ ጉዳይ ጨካኝ ሰው መፈለግ ስሕተት ይሆናል። ጉሬዊች ከሕመምተኛው ቃልና ሊድን የሚችል በሽታን አልፎ ከመሄድ ፍርሃት መካከል ቆሞ ነበር። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ልጆቻቸውም ተጨንቀዋል፤ እናታቸው እንዲያርፉም እንዲድኑም ይመኛሉ። በየአገሩ፣ በየቤቱ፣ ታማሚ ከብቦ የተቀመጠ ቤተሰብ ይህን ጭንቅ ያውቀዋል። የሚወዱትን ሰው እምቢታ መቀበል ተስፋ የመቁረጥ ያህል ይከብዳል።

ኦክቶበር 18 ቀን ኤሊኖር ወደ ቤታቸው ተወሰዱ። የላቦራቶሪው መልስ ከስምንት ቀን በኋላ ደረሰ፤ በመቅኒያቸው ውስጥ የቲቢ ተሐዋሲ አድጓል። ለጊዜው ተስፋ ተፈጠረ፤ መድኃኒቱም ተጠናከረ። ተሐዋሲው ግን ለተሰጡት ለሁለቱም መድኃኒቶች የማይበገር ሆኖ ተገኘ።

ኤሊኖር ሩዝቬልት ኖቬምበር 7 ቀን 1962፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1955፣ አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ቲቢ በመላ ሰውነታቸው ተሠራጭቶ ነበር። ብዙዎች በ1919 ያገገሙት የሳንባ ሽፋን ሕመም ትቶት የሄደው ተሐዋሲ በስቴሮይዱ ምክንያት ከእንቅልፉ እንደነቃ ያምናሉ። በሽታው ቀደም ብሎ ቢደረስበት ይድኑ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ተሐዋሲው መድኃኒት የተላመደ መሆኑ መልሱን የበለጠ ያከብደዋል።

በሃይድ ፓርክ በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት በሥልጣን ላይ የነበሩት ኬኔዲ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ትሩማንና አይዘንሃወር ተገኝተዋል።

ግምትን የተካው ሙከራ

ለኤሊኖር የተሰጣቸው ፕሬድኒሶን በአንድ ሕመምተኛ ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ማነጻጸሪያ የለውም፣ ከእርሱም ለሚቀጥለው ሕመምተኛ የሚተርፍ ትምህርት አነስተኛ ነው። ሐኪሙ በቅንነት ይገምታል፣ ሕመምተኛው ይወስዳል፣ ውጤቱ መልካም ቢሆንም ባይሆንም ምክንያቱ መድኃኒቱ ይሁን ሌላ አይለይም።

ክሊኒካዊ ሙከራ ይህን ግምት በሥርዓት ይተካዋል። ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን አዲሱን፣ ሌላው የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፤ ውጤቱ ጎን ለጎን ይታያል። የዚህ አሠራር ዘመናዊ ጅማሬ ተብሎ የሚጠቀሰው በብሪታንያ በ107 የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ነው። ውጤቱ የታተመው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በጸደቀበት በ1948 ነበር። መድኃኒቱን ያላገኙት ሕመምተኞች ግን የሙከራ አካል መሆናቸው አልተነገራቸውም። ማነጻጸር ተጀምሯል፤ ፈቃድ መጠየቅ ገና ወግ አልሆነም።

ኤሊኖር ካረፉ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለቱ እየተቀራረቡ መጡ፤ የአፕላስቲክ አኒሚያም ዕጣ ተለወጠ። ተመራማሪዎች በብዙ ሕመምተኞች ላይ መቅኒውን የሚያጠፋው የራስ የመከላከያ ሕዋሳት ጥቃት መሆኑን ተረዱ። በ1970ዎቹ ከወንድም ወይም ከእህት የሚወሰድ መቅኒ ወጣቶችን ማዳን ጀመረ። ንቅለ ተከላ ለማይሆንላቸው ደግሞ ከእንስሳት ደም የሚዘጋጅና እነዚያን ሕዋሳት የሚያዳክም መድኃኒት ተፈተነ።

ሙከራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሚያሳዩት ሁሉ አንዱ የዚሁ መድኃኒት ታሪክ ነው። መድኃኒቱ ከፈረስም ከጥንቸልም ይዘጋጃል። የጥንቸሉ ይበልጥ ኃይለኛ ስለሆነ የተሻለ ይሆናል ተብሎ ተገመተ። አሜሪካ ውስጥ 120 ሕመምተኞች ለማነጻጸር ፈቀዱ። እ.አ.አ. በ2011 የታተመው ውጤት ግምቱን ገለበጠው፤ በስድስት ወር ውስጥ የፈረሱ መድኃኒት 68 ከመቶውን ሲረዳ የጥንቸሉ የረዳው 37 ከመቶውን ብቻ ነበር። በ2022 ደግሞ በአውሮፓ 197 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ኤልትሮምቦፓግ የተባለ ክኒን ሲጨመር በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚያገግሙት ከ10 ወደ 22 ከመቶ ከፍ እንደሚሉ አሳየ።

ዛሬ ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖር ሰው ሕይወት ቀላል ነው ማለት አይደለም። የደም ቁጥሩን በየጊዜው ያስቆጥራል፤ ትኩሳት ሲሰማው ሌሊት ነው ብሎ ሳይቆይ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ የፈረሱ መድኃኒትም ሆነ ንቅለ ተከላው በብዙ የአፍሪካ አገሮች ገና እንደልብ አይገኙም። ቢሆንም መድኃኒቱን ባገኘበት ሁሉ የሚሰጠው ነገር ከእርሱ በፊት የታመሙ ሰዎች ፈቅደው በሰጡት ማስረጃ ላይ የቆመ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ሕመምተኞች ድርሻ

ኤሊኖርን በቀጥታ የገደላቸው ቲቢ ነው፤ በዚህ በሽታ ሕክምና ታሪክ ደግሞ አካባቢያችን ብዙ ጊዜ ያልተነገረለት ድርሻ አለው። በዚያ ዘመን የቲቢ ሕክምና እስከ 18 ወር ይወስድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛንያና የዛምቢያ ሕመምተኞች ከብሪታንያ ተመራማሪዎች ጋር በተካሄዱ ሙከራዎች ተሳተፉ። ሪፋምፒሲን ወይም ፒራዚናማይድ ሲታከል ሕክምናው በስድስት ወር ሊጠናቀቅ እንደሚችል ከእነርሱ ታወቀ። ዛሬ ዓለም የሚከተለው የስድስት ወር ሕክምና ከእነዚያ አልጋዎች የመጣ ነው።

መድኃኒት የተላመደው ቲቢ፣ ማለትም የኤሊኖር ዓይነቱ፣ ሕክምናው ለብዙ ዓመታት ይበልጥ ይረዝም ነበር። እርሱን ለማሳጠር በተካሄደውና ውጤቱ በ2019 በታተመው ሙከራ ከኢትዮጵያ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቬትናምና ከሞንጎልያ የተውጣጡ 424 ሰዎች ተሳትፈዋል። 20 ወር ገደማ ይፈጅ የነበረውን ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወር በሚወስድ ሕክምና መተካት እንደሚቻል የእነርሱ ተሳትፎ አሳይቷል።

እንዲህ ባለው ሙከራ የሚገባ ሰው ከማናቸውም መድኃኒት በፊት አንድ ወረቀት ይቀርብለታል። ምን እንደሚሰጠው፣ ምን ጉዳት ሊያገኘው እንደሚችል፣ እምቢ ቢል የተለመደው ሕክምና እንደማይጓደልበት በሚገባው ቋንቋ ተጽፎበታል። ማንበብ ካልቻለ ይነበብለታል። ከጀመረ በኋላም በፈለገው ቀን፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ መተው ይችላል። በ1962 መኸር በኒው ዮርክ የነበሩት አዛውንት ሕመምተኛ ከንፈራቸውን በመግጠም የተናገሩት ነገር፣ ዛሬ ከፊርማው መስመር በላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ ይገኛል።